እግሯንስ አድኜው ነበር

ጥቅምት 3

ይድረስ እናትም አክስትም ለሆንሽኝ እቴቴ፤

ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያቺ ነገር የማያመልጣት ዓይንሽ እንዴት ከርመዋል? ይህ ወረቀት ሲደርስሽ መነጽር ፍለጋ ቤቱን እንዳታምሺ፤ ግንባርሽ ላይ ነው። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ የእህቴን የሚጢጢን ሠርግ በደህና ያሳይሽ፣ እኔንም ደጃፍሽ ያድርሰኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሸሚዝ ፋብሪካው እንዳለ ነው፤ አሁን ከቁልፍ አውጥተው ኮሌታ ላይ አድርገውኛል። ኮሌታ ማለት ተቀምጠሽ የማትነሺበት ሥራ ነው። ጎንሽ ያለችው ሴት ስትጨርስ አንቺ ካልጨረስሽ ክምሩ ጭንሽ ላይ ይወድቃል፣ ተቆጣጣሪዋም ከጀርባሽ መጥታ ትቆምና ሰዓቷን ታያለች። ሽንት ቤት የሚኬደው በካርድ ነው። ለአንድ ረድፍ ሴት አንድ ቀይ ካርድ አለ፣ ረድፉ ጫፍ ላይ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ካርዱ ሚስማሩ ላይ ከሌለ፣ የወሰደችው እስክትመለስ ችሎ መቀመጥ ነው። ውኃ መጠጣት ትተናል ብልሽ ትስቂብኛለሽ። እኛም እንስቃለን፤ አብራኝ የምትኖረው ሳቂታዋ "ግመል ሆነን ቀረን እኮ" ትላለች።

የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። የግራ እግሬን ባት አሞኛል። ከጉልበቴ በታች ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ጫማዬን ሳወልቅ ከቀኙ ወፍሮ አገኘዋለሁ። ሲነኩት ይሞቃል። እዚህ የሚያሽ ሰው የለም እቴቴ። የፋብሪካዋ ነርስ ራስ ምታትም ይሁን ጥርስ የምትሰጠው ክኒን አንድ ነው። ሳቂታዋ እኔ አሽሻለሁ ብላለች፣ ግን የሷ እሽት ሊጥ እንደማቡካት ነው። አንቺ ሰፈሩን ሁሉ ቀጥ አድርገሽ የምታስኬጂ ወጌሻ፣ እስቲ እንዴት እንደሚታሽ ጻፊላት። ከዚህስ ምን ልላክልሽ?

ያሳደግሻት ሸምበቆሽ


ጥቅምት 29

ለሸምበቆዬ፤

ወረቀትሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ለራሴ አንዴ ለሚጢጢ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር፤ ይህን ማን ነገረሽ? ፈጣሪ ከክፉ በሽታና ከክፉ ተቆጣጣሪ ይጠብቅሽ። በስልክ ላናግርሽ ትያለሽ፣ ሚጢጢ ጆሮዬ ላይ ብትለጥፈውም የንብ ድምፅ ነው የምሰማው። እሷ ናት እየሰማች ጆሮዬ ሥር የምትጮህልኝ። ወረቀት ይሻለኛል፣ ወረቀት አይጮህብኝም።

ስለ እግርሽ ሳነብ ልቤ ቁርጥ አለ። ያ የእናትሽ እግር ነው። እሷም ግራዋን ነበር፤ ይሁን፣ እሱን እንተወው። መቀመጥ ያመጣው ነገር ነው፣ ደም አንድ ቦታ ሲውል ይቋጠራል። ለዚያች ልጅ እንዲህ በያት። ዘይቱን ታሙቀው እንጂ አታፍላው። ከቁርጭምጭሚት ትጀምርና ወደ ላይ ታምጣው፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እንዳትመልሰው። ባቱ ውስጥ ገመድ የሚመስል ነገር ታገኛለች። ሌባው እሱ ነው። በሁለት አውራ ጣቷ ትጫነው፣ ብትጮሂም እንዳትለቅሽ፣ እንዳትስቅም! እስኪለቅ ድረስ ጠዋትና ማታ ነው። የኔ እጅ ስንቱን እንዳስነሳ ታውቂያለሽ። ሹፌሩ ጎረቤታችን በሰው ተደግፎ መጥቶ ሲመለስ ሚስቱን ቀድሟት ነው የገባው።

ሚጢጢ ደህና ናት። ፀጉር ቤቱ ሲያቆማት ይውላል፣ ስትገባ እንደ አሮጊት ታቃስታለች። ሠርጓ ለሚያዝያ ተቆርጧል። እጮኛዋ ቧንቧ ሠራተኛው ደግ ልጅ ነው፤ በመጣ ቁጥር ምንም ያልሆነውን ቧንቧዬን ፈትቶ ይገጥምልኛል፣ ከዚያ በኋላ ማንጠባጠብ ይጀምራል። እኔም አፍ አውጥቼ ተው አልለውም።

የምትልኪልኝ ካለ የእጅ ቅባት ላኪልኝ። እጄ በዘይትና በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ የሰው ገላ ላይ እየሻከረ አስቸገረኝ። ያቺ ባለፈው የላክሽው፣ ነጭ ክዳን ያላት፣ እሷን የመሰለ የለም።

እቴቴ


ኅዳር 24

እቴቴ፣ እጅሽ ይባረክ!

ሳቂታዋ ደብዳቤሽን አልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ነው የምታሸኝ። "ገመዱን አገኘሁት!" ብላ የጮኸች ቀን የፎቁ ሴት ሁሉ ሊያይ መጣ። አለቀስኩ፣ እሷ ግን አንቺ እንዳልሽው አልለቅ አለችኝ። አሁን እብጠቱ ጎድሎልኛል፣ ጫማዬም ገብቶልኛል። እነዚያ ሴቶች "አክስትሽን ወደዚህ አምጫት" እያሉኝ ነው። ደረጃ ስወጣ ትንሽ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እሱ ብርድ ይሆናል።

ቅባትሽን ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ወደ አገር የሚገባ ሰው ሳገኝ ይደርስሻል።

ሸምበቆሽ


ጥር 6

ሸምበቆዬ፤

ከኅዳር ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ሚጢጢ ትደውላለች፣ ስልክሽ ዝግ ነው ትለኛለች።  ሰው ገላ ላይ ተቀምጬ ሐሳቤ አንቺ ጋ ይሄዳል፤ ትናንት አስተማሪዋን የታመመውን ትከሻዋን ትቼ ጤነኛውን ሳሽ ዋልኩ። እሷም ጨዋ ናት፣ ዝም ብላ ታሸች።

ቅባቱን ተይው። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። አለሁ በይኝ።

እቴቴ


ጥር 25

እቴቴ፤

አለሁ። ያልሽው መስመር ይኸው። አሁን ቁጭ ብለሽ የቀረውን አንብቢ፣ ሚጢጢ አጠገብሽ ካለችም ወደ ሱቅ ላኪያት።

ታኅሣሥ ላይ ነው። የመኝታ ቤታችንን ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ መሀል ላይ ተቆረጠ። ጎኔን በቢላ የወጉኝ መሰለኝ። ሳልኩ፣ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሳቂታዋ ስትጠራኝ ብቻ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

ሐኪም ቤት ስነቃ እግርሽ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር አሉኝ። ከረጋው ላይ ተቆርሶ ሄዶ ሳንባዬ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ሆዴ ላይ መርፌ ሲወጉኝ ሰነበቱ፣ አሁን በክኒን ነኝ። ይህ ክኒን የረጋውን አያሟሟም፤ እንዳያድግና ሌላ እንዳይጨመርበት ይይዘዋል፣ የቀረውን ገላሽ ራሱ ቀስ እያለ ይጨርሰዋል አለችኝ ሐኪሟ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ በር ቢነካኝ ይበልዛል። ሳትነግሪኝ የራስ ምታት ክኒን እንኳ እንዳትውጪ ብላኛለች። ግን እተነፍሳለሁ፣ ትንፋሽ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ። የወሊድ መከላከያ ክኒን እወስድ ነበር፣ ከርሟል። ወንድ የለም እቴቴ፣ በእናቴ መቃብር እምልልሻለሁ። ከካርዱ የተነሳ ነው። ወር አበባ ካርድ እስኪመለስ አይጠብቅም። አንዷ ልጅ ካርድ ስትጠብቅ ወንበሯ ላይ ፈሰሳት፤ ተቆጣጣሪዋ ወንበሩን ሁሉም እንዲያየው መተላለፊያው መሀል አቆመችው። ከዚያ ወዲህ ረድፋችን በሙሉ ወር አበባው እንዲቀርልን ክኒኑን ያለ እረፍት መዋጥ ጀመርን። መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ይሸጥልናል፣ ማንም ምንም ብሎ አልጠየቀንም። አሁን ሳቂታዋ የሷን ጥላለች። ሌሎቹ ግን የካርዱ ደንብ እስካልቀረ ድረስ መዋጣቸውን አይተዉም።

ሐኪሟ ክኒኑን አልረገመችውም። ስንት ሴት ወስዳው ምንም አትሆንም አለች። ግን ለምታጨስ፣ ገና ለወለደች፣ ቀኑን ሙሉ ሳትንቀሳቀስ ለምትውል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደም መርጋት በዘሯ ላለባት ሴት ይህኛው ዓይነት አደገኛ ነው፣ ለሷ የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ አለችኝ። ከዚያ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። እናቴ በልብ ሞተች አልኳት። በስንት ዓመቷ አለችኝ። ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

እለምንሻለሁ፣ እናቴ እንዴት ሞተች? እግሯስ? የምትወስደው ነገር ነበር ወይ? ይህን መድኃኒት ለጥቂት ወር ይሁን ለዕድሜ ልክ የምወስደው በዚህም ጭምር ነው የሚወሰነው። ሚጢጢም የእናቴ ልጅ ናት። ያንን ክኒን የጀመረች እንደሆነ ትታው ትመርመር። ደውዬላት ታምሜ ነበር፣ ለእቴቴ ራሴ እጽፍላታለሁ አልኳት፤ ስለ ክኒኑ ሳነሳባት ግን "ደንበኛ ጭንቅላት ላይ ነኝ" ብላ ዘጋችብኝ።

ሐኪሟ ስለ እሽቱም ጠይቃኝ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ።

ሸምበቆሽ


መጋቢት 2

ለሸምበቆዬ፤

ዘገየሁብሽ። ስጀምረው ስተወው ነው የከረምኩት። ተርፈሽልኛልና ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፤ ያቺን ተቆጣጣሪ ግን ወንበሯ ይርገማት።

ስለ ክኒኑ አልቆጣሽም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ ሰሃን ሰብሬያለሁ፤ ቁጣው ባንቺ አልነበረም። እናትሽም ትወስደው ነበር። ይህን ከሷና ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ሚጢጢ ያኔ ገና አንገቷ ያልጸና ሕፃን ነበረች። አባታችሁ ልጅ በላይ በላዩ ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ አቅሟ አልቆ ነበር። ክኒኑን ከጤና ጣቢያ አምጥታ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ትደብቀው ነበር። ስትሞት ሰው አግኝቶት ስሟን እንዳያነሳ ብዬ አውጥቼ ጣልኩት፣ እስከ ዛሬም ትንፍሽ አላልኩም።

በዚያው ሰሞን ነው ግራ እግሯ ያበጠው። ጠዋትና ማታ አሸሁላት። ያ ገመድ ያልኩሽ ነገር ነበረ፣ እንዲህ ያለ እልኸኛ ገመድ ገጥሞኝ አያውቅም። በመጨረሻ ከአውራ ጣቴ ሥር ሲለቅ ተሰማኝ። እብጠቱ ጎደለ። "እቴቴ አዳንሽኝ" ብላ እጄን ሳመችኝ። በነጋታው የሕፃኗን ጨርቅ ልታሰጣ ደጅ ወጣች፣ አንዱን እርጥብ ጨርቅ እንደያዘች "ትንፋሼ" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሰው ሁሉ ልቧ ነው አለ። እኔም ልቧ ነው አልኩ፣ እግሯንስ አድኜው ነበር። እንግዲህ ለሐኪሟ እግሯ አይደለም፣ እግሯ ድኖ ነው የሞተችው ብለሽ ንገሪያት።

ያንቺ ሳንባ ድረስ የሄደው ያቺ ልጅ እጇ ደካማ ስለሆነ ነው። ገመዱን ፈታችው እንጂ አላሟሟችውም። የኔ እጅ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ እሱ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሚጢጢን አውጣጥቻታለሁ። ጀምራለች። ከሠርጉ በኋላ ቶሎ እንዳትወልድ ብላ ከአሁኑ ነው የያዘችው። እግሯም ሰሞኑን አብጦባታል፣ ያው የፈረደበት ግራ እግር። አትስጊ፣ መቆም ያመጣው ነው። በወሩ አጋማሽ ከፀጉር ቤቱ እረፍት ትወስዳለች፣ ያኔ እኔው ራሴ በገዛ እጄ አሻታለሁ። ሠርጓ ላይ ስታነክስ አላያትም።

ቅባቱ እስካሁን አልደረሰኝም። ለሷ እግር እንዲለሰልስልኝ ፈልጌው ነበር።

እቴቴ


መጋቢት 12

እቴቴ፤

ሰላምታውንና ምርቃቱን ለሌላ ቀን አቆዪልኝ። ይህን የምታመጣልሽ ነገ ወደ አገር የምትገባ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከአውሮፕላን ወርዳ ቤቷ ሳትገባ አንቺ ጋ እንድትመጣ አስምያታለሁ።

ለሚጢጢ ደውዬ እንዳትታሺ አልኳት። "አንቺንም እኮ አሽሎሽ ነበር፣ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው" አለችኝ። ሐኪም ቤት ሂጂ አልኳት። "እቴቴ ሂጂ ካለችኝ እሄዳለሁ" አለች። አንቺን በስልክ ላናግርሽ ብል ጆሮሽ ሥር የምትጮህልሽ እሷው ናት። ይህን ነገር በሚጢጢ አፍ ልነግርሽ አልቻልኩም።

ያ ገመድ ጅማት አይደለም እቴቴ። የደም ሥር ነው፣ ውስጡ ደም ረግቶበታል። ከእጅ ሥር ሲለቅ ዳነ ማለት አይደለም። ተነስቶ ሄደ ማለት ነው፣ ወደ ላይ፣ አንቺ እንዳልሽው ሁልጊዜ ወደ ላይ። የሳቂታዋ እጅ ደካማ አልነበረም። ደብዳቤሽ ላይ ያለውን አንድ ሳታጎድል ነው ያደረገችው።

ስለ እናቴ የጻፍሽውን ለሐኪሟ ነገርኳት። መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ፣ ምናልባትም እስከ መጨረሻው ነው አለችኝ። እህት አለሽ ወይ ስትለኝ አለችኝ አልኳት። ከመቀመጫዋ ተነሳች።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲነኩት ካመመ አይታሽም። ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው። ሚጢጢን አትንኪያት። አትንኪያት እቴቴ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ትንፋሿ ሳለ ውሰጃት።

ሌላ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። "ሐኪሟም ልብ ነው ብላለች" የሚል። እሱ ቢደርስሽ እፎይ ብለሽ ትተኚ ነበር፣ በማግስቱም ሚጢጢን ታሺያት ነበር። ስለዚህ ቀደድኩት። እኔን ያሳደገኝ ያው እጅሽ መሆኑን አልረሳሁም። ይቅር በይኝ።

ሸምበቆሽ


መጋቢት 24

ለሸምበቆዬ፤

ወረቀትሽ የደረሰኝ ዘይቱ ምድጃ ላይ ሳለ ነው። ሚጢጢ ፍራሹ ላይ ተጋድማ እግሯን ዘርግታ ስልኳን ትነካካለች። የላክሻት ሴት ሻንጣዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ "አሁኑኑ እንድታነቢው ብላለች" አለችኝ። መነጽሬን ስፈልግ ሚጢጢ "ግንባርሽ ላይ" ብላ ሳቀች።

አነበብኩት። ዘይቱን አወረድኩት። "ምነው እቴቴ፣ እሺኝ እንጂ፣ እያመመኝ እኮ ነው" አለች። እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ሰው አመመኝ ሲለኝ እጄን ሳልዘረጋ ስቀር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ተነሺ ሐኪም ቤት ነው አልኳት። ሠርጌ ደረሰ፣ ጥፍሬን ላሠራ ቀጠሮ አለኝ፣ ነገ እሄዳለሁ አለች። ጮህኩባት። ያሳደግኳትን ልጅ እንዲያ ጮኼባት አላውቅም፣ ደንግጣ አለቀሰች። ቧንቧ ሠራተኛውን አስጠርቼ ተሸክመህ ታክሲ ውስጥ አስገባት አልኩት። ልጁ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ያንን ቧንቧ ሁሉ ሲያንጠባጥብብኝ ስሙን ያነሳሁትን ይቅር ይበለኝ።

አገኙት። ከባቷ ተነስቶ ከጉልበቷ በላይ ደርሷል። ግን እዚያው ነው፣ ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ያንቺን መርፌ እሷም ሆዷ ላይ ተወጋች፣ ያንቺን ክኒን እሷም ጀመረች። ያኛውን አስጥለዋታል፤ ለሷ የሚስማማውን ሌላ ዓይነት ይመርጡላታል። ሠርጉ ተላልፏል። ወጣቱ ሐኪም "እግሩን ማንም አላሸውም አይደል?" ሲል ማንም አልኩት። 

ሚጢጢ ስትተኛ ለብቻው ይዤ ጠየቅሁት። አንዲት ገና የወለደች ሴት ነበረች፣ ባትታሽ ኖሮ ትድን ነበር ወይ አልኩት። "ሳይነኩትም ሊነሳ ይችላል እናቴ፣ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም" አለኝ። አንቺ የቀደድሽውን ደብዳቤ እሱ በአፉ ነገረኝ። ሁለታችሁም ደጎች ናችሁ። እኔ ግን ከአውራ ጣቴ ሥር ሲለቅ ተሰምቶኝ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር። እሷም ይህንኑ እጅ ነው የሳመችው።

ሰው በሬን ያንኳኳል። ትናንት ሹፌሩ ወገቡን ይዞ መጥቶ ነበር። ወገብ ሌላ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። አሞኛል ብዬ መለስኩት። ከኋላው ሳየው ያኔ በሰው ተደግፎ እንደመጣበት ቀን ጎብጦ ነው የሄደው።

ይቅርታ አትጠይቂኝ፣ ያላደረግሽውን። ሚጢጢ አሁን ከኔ አጠገብ ተጋድማለች። አንቀላፍታለች። ጆሮዬ አይሰማምና እየቆየሁ እጄን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ትንፋሿ ሞቅ ያለ ነው።

ለዚያች ልጅ የጻፍኩላትን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ንቀይው። እሷ ምንም አላጠፋችም በያት፣ ከኔ አፍ መሆኑንም ንገሪያት።

ቅባቱንም አትላኪልኝ።

እቴቴ